ወረንጦና መቀስ

በልጅነቴ የማውቃቸው የውርጌሳ አዛውንት ከቤት ሲወጡ ሦስት ነገር አይለያቸውም ነበር፤ ዱላ፣ ጋቢና ወረንጦ። ዱላው ለመንገድ፣ ጋቢው ለብርድ፣ ወረንጦው ለእሾህ። ወረንጦ ከጣት እምብዛም የማይረዝም ቀጭን ብረት ነው። አንጥረኛው በእሳት አግሎ ከወገቡ ያጥፈዋል፤ ሁለቱን ጫፎች በሞረድ አቅጥኖ ፀጉር እንኳ እስኪይዙ ድረስ ያጋጥማቸዋል። በጠፍር ታስሮ ባንገት ወይም በቢላዋ አፎት ጎን ይንጠለጠላል። ግራርና ቀጋ በሞላበት ምድር በባዶ እግሩ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የቀረበ ሐኪም አልነበረውም። እናቶቻችንም ከአንገት ጌጣቸው ጋር የብር የጆሮ ኩክ ማውጫ ያንጠለጥሉ ነበር። ዛሬ ይኸው ዕቃ በአዲስ አበባ የስጦታ መደብሮች ውስጥ ከመስቀልና ከአምባር ጎን ተሰቅሎ ይሸጣል። ሻጮቹ ጌጥ ይሉታል፤ እኔ በበኩሌ የሕክምና መሣሪያ ነው እላለሁ።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በሀብሩ ወረዳ መጀመሪያ በጤና ረዳትነት፣ በኋላም በነርስነት ለብዙ ዓመታት ሠርቼ፣ አሁን ለአሽከርካሪዎች፣ ለመምህራንና ለበጎ ፈቃድ ወጣቶች የመጀመሪያ ርዳታ አስተምራለሁ። በትምህርቱ መካከል፣ ስለ ደም ማቆም ተናግሬ ሳልጨርስ፣ ከወጣቶቹ አንዱ እጁን ያነሣና በስልኩ ላይ የአንድ የሚያብረቀርቅ ብረት ሥዕል ያሳየኛል። ፒንሳ አለው፣ ቢላዋ አለው፣ መጋዝ አለው፣ ካቻቢቴ አለው፣ የጠርሙስ መክፈቻ ሳይቀር አለው። «የትኛውን ልግዛ?» ይለኛል። ጓደኞቹ ይስቁበታል። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም። አንድ ሰው ለድንገተኛ አደጋ በወገቡ ምን እንደሚይዝ ሲመርጥ፣ በዚያች ሰዓት በሌላው ሰው አካል ላይ ምን ለማድረግ እንዳሰበ አስቀድሞ መናገሩ ነው።

ውርጌሳ ከደሴ ወልድያ በሚወስደው 120 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ፣ በውጫሌና በመርሳ መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። በስተ ደቡብ የሚሌ ወንዝ ሀብሩን ከደቡብ ወሎ ይለያል፤ በስተ ምሥራቅ አገሩ እየቆለቆለ ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል። አደጋችንም እንደ መልክዐ ምድራችን ልዩ ልዩ ነው። በአስፋልቱ ላይ የጭነት መኪናና ሚኒባስ ይጋጫሉ፤ ባጃጅ ይገለበጣል፤ በማሽላ አጨዳ ወቅት ማጭድ እጅ ይቆርጣል፤ ወደ ቆላው ዝቅ ሲሉ እባብ አለ። ሕመሙ የጠናበት ሰው ወይ ወደ ሰሜን ወልድያ፣ ወይ ወደ ደቡብ ደሴ መጓዝ አለበት። እስከዚያ ድረስ ያለው ጊዜ የሐኪም አይደለም፤ አጠገቡ የተገኘ ሰው ጊዜ ነው።

መንገዱ ደግሞ ለአምቡላንስ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በሐምሌ 1927 ዓ.ም. በተቋቋመ በጥቂት ወራት ውስጥ ወረራው ደረሰ። በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የብሪታንያ አምቡላንስ በጭነት መኪኖች ከደሴ ወደ ሰሜን ግንባር ዘለቀ። የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. ኮረም አጠገብ የሰፈረበት ቦታ ከነቀይ መስቀል ምልክቱ በአውሮፕላን ተደበደበ። ሜሊ ራሱ ከሁለት ወር በኋላ፣ አዲስ አበባ በምትዘረፍበት ሰሞን ቁስለኞችን ሲያነሣ በጥይት ተመትቶ ሞተ። የእነዚያን ሰዎች ነገር ሳስብ ዘወትር የሚመጣብኝ ሐሳብ አንድ ነው፤ ድንኳንና ሣጥን ሊቃጠል ይችላል፤ ሰውዬው ቆሞ ከተገኘ ግን በኪሱ ያለው አብሮት ይተርፋል።

አሁን ወደ ብረቱ እንመለስ። ሁለገብ የኪስ መሣሪያ የሚባለው ነገር ከሕክምና ቤት አልተወለደም። ካርል ኤልስነር የተባለ የስዊስ ቢላዋ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1891 ለአገሩ ጦር የሚታጠፍ ቢላዋ ማቅረብ ሲጀምር፣ ጣሳ መክፈቻና ካቻቢቴ የጨመረበት ወታደሩ የታሸገ ምግቡን እንዲከፍትና ጠመንጃውን እንዲፈታ ነው። በ1897 ለመኮንኖች ያወጣው ደግሞ የወይን ጠርሙስ ቡሽ መንቀያ ነበረው፤ መኮንን ምን እንደሚያስፈልገው ኤልስነር ያውቅ ነበር ማለት ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ አሜሪካዊው ቲም ሌዘርማን እ.ኤ.አ. በ1975 በአሮጌ ፊያት አውሮፓን ሲዞር፣ መኪናዋ በየመንገዱ እየተበላሸች ኪሱ ውስጥ ያለው ቢላዋ ፒንሳ ስለሌለው ተቸገረ። ስምንት ዓመት ያህል ከደከመ በኋላ በ1983 ፒንሳውን መሐል አድርጎ የሠራውን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ስሙ ዛሬ ለዕቃው ሁሉ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። እንግዲህ አንደኛው ከጠመንጃ፣ ሁለተኛው ከመኪና ተወለዱ። ሁለቱም ሲወለዱ በሽተኛ ያሰበ የለም።

ይህ ማለት ለርዳታ ሰጪ አይረቡም ማለት አይደለም። የቃሬዛው ቡሎን ሲላላ፣ የአምቡላንሱ የኋላ በር መያዣ ሲሰበር፣ የእጅ ባትሪው ክዳን አልከፈት ሲል ፒንሳና ካቻቢቴ ያለው ሰው ንጉሥ ነው። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የሚጠግኑት መኪናውንና ዕቃውን ነው፤ ሰውን አይደለም። ወጣቶቹ ይህን ልዩነት ቶሎ አይቀበሉኝም። ስለዚህ አንድ ምሽት የሆነውን እነግራቸዋለሁ።

ከውጫሌ ወደ ውርጌሳ የሚመጣ ሚኒባስ ከመንገድ ወጥቶ በጎኑ ተጋድሟል። ጊዜው ሊመሽ ሲል ነው። ሾፌሩ በመቀመጫው ቀበቶ እንደ ተንጠለጠለ ነው፤ የቀበቶው መያዣ ከብረት ጋር ተጨራምቶ አይከፈትም። ከውጭ አንድ ወጣት በጀርባው ተኝቷል፤ ጂንስ ሱሪው ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጠቁሯል። ረዳቱ ደንግጦ ሰንጢውን መዘዘና ሱሪውን ሊቀድ ጎንበስ አለ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የቆሰለው ልጅ ደግሞ ይወራጫል። «አንተ ወንድሜ፣ ሰንጢውን ተው፤ እግሩን አጥብቀህ ያዝልኝ» አልሁት።

በወገቤ የነበረው ታችኛው ስለቱ ጫፉ ደፍጣጣ የሆነ መቀስ ነው። ይህ ዓይነቱ መቀስ በቆዳና በልብስ መካከል እንደ ማንኪያ ተንሸራትቶ ያልፋል፤ ቆዳን አይወጋም፤ ክንዱ ጠንካራ ስለ ሆነ ጂንስንም፣ የቆዳ ቀበቶንም፣ የጫማ ጆሮንም ይቆርጣል። ከሱሪው ጫፍ ጀምሬ እስከ ሽንጡ ድረስ ሰነጠቅሁት። ቁስሉ አንድ አልነበረም። ሁላችንም ስናየው የነበረው የጭኑ ላይ ጭረት ቀላል ነበር፤ ደሙ በኃይል የሚወጣው ከጉልበቱ በታች፣ ባቱ ላይ ካለ ሌላ ቁስል ነው። ልብሱ ባይቀደድ ኖሮ ያላየነውን ትተን ያየነውን ስናስር ደሙ ያልቅ ነበር።

በመዳፌ ጫንሁት፤ አልቆመም። በአጠገባችን የቆሙ አንዲት እናት መቀነታቸውን ፈትተው ሰጡኝ። በጥንቃቄ የተሠራ፣ ጥለቱ ያማረ መቀነት ነበር፤ መቀሱን ይዤ ለቅጽበት ሳመነታ አይተው «ቁረጠው ልጄ፤ መቀነት ይገዛል» አሉ። ከአራት ጣት ስፋት እንዳያንስ አድርጌ ቆረጥሁ፤ ከቁስሉ አንድ ስንዝር ገደማ ከፍ ብዬ፣ መገጣጠሚያውን አልፌ አሰርሁ፤ አንድ ጠንካራ እንጨት በቋጠሮው ላይ አድርጌ ደሙ እስኪቆም አዞርሁት። ሰዓቱን በእስክሪቢቶ ግንባሩ ላይ ጻፍሁ። ይህ የመጨረሻው ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሆኖም እንዲህ የታሰረ እግር ከሁለት ሰዓት በላይ ሲቆይ እየተጎዳ ስለሚሄድ፣ ተቀባዩ ሐኪም መቼ እንደ ታሰረ ማወቅ አለበት። የሾፌሩን ቀበቶ በዚያው መቀስ ለቆረጠው ለረዳቱ አስቀድሜ የነገርሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመቁረጡ በፊት ሁለት ሰዎች ከሥር ይደግፉት። የተንጠለጠለን ሰው ሳይደግፉ ቀበቶውን መቁረጥ ሁለተኛ አደጋ ነው። ወጣቱን ከአራት ወር በኋላ በመርሳ ገበያ እያነከሰ ሲሄድ አየሁት።

በዚያ ምሽት ካቻቢቴ አላስፈለገኝም፤ መጋዝም፣ ጠርሙስ መክፈቻም። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ይኸው የሌዘርማን ፋብሪካ ራፕተር የሚባል መሣሪያ ሲያወጣ ነገሩን የተረዳ ይመስላል። ቢላዋውን አስወጥቶ የሚታጠፍ መቀስ መሐል አደረገ፤ በዙሪያውም ቀበቶ መቁረጫ፣ ቀለበት መቁረጫ፣ ትንሽ ማስመሪያ፣ የኦክስጅን ሲሊንደር መክፈቻና የመስኮት መስበሪያ አበጀለት። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ይዤው አይቻለሁ። የመስኮት መስበሪያው ግን የሚሠራው በጎን መስታወት ላይ ነው። የጎን መስታወት አንድ ቦታ በጠንካራ ጫፍ ሲመታ እንደ ጨው ይበተናል፤ የፊቱ መስታወት በመካከሉ የተጣበቀ ስስ ፕላስቲክ ስላለው ቢሰነጠቅም አይወድቅም። ይህን የማያውቅ ሰው የፊቱን መስታወት እየደበደበ ጊዜ ይፈጃል። የኦክስጅኑ መክፈቻ ደግሞ ኦክስጅን ላለው አምቡላንስ ነው። እኔ ከተሳፈርሁባቸው መኪኖች አብዛኞቹ ይህ አልነበራቸውም።

ቀለበት መቁረጫውን በተመለከተ ግን የምለው አለኝ። የተቃጠለ፣ የተሰበረ ወይም በእባብ የተነደፈ እጅ ያብጣል፤ ቀለበት ያለበት ጣት ሲያብጥ ደሙ ታግዶ ጣቱ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ቀለበትና አምባር ሁሉ እጁ ሳያብጥ መውለቅ አለበት። ካበጠ በኋላም ቢሆን ወደ ብረት ከመሄዴ በፊት ክር እሞክራለሁ። የክሩን ጫፍ በቀለበቱ ሥር አሾልኬ፣ የቀረውን ከቀለበቱ ፊት ጀምሮ እስከ ጣቱ መገጣጠሚያ አጠጋግቼ እጠመጥማለሁ፤ ከዚያም የሾለከውን ጫፍ ይዤ ስፈታው ቀለበቱ በክሩ ላይ እየተንሸራተተ ይወጣል። ይህን አሳይቼው ያልተደነቀ ሰው የለም። የጋብቻ ቀለበቷን ያላስቆረጠች ሴት ደግሞ በዕድሜዋ ሙሉ አትረሳህም።

በወገብ ያለ ስለት አንድ ትልቅ አደጋ አለው። መሣሪያ የያዘ እጅ ሥራ ይፈልጋል። ወደ ቆላው በእባብ የተነደፈ ሰው ሲገኝ ቦታውን በምላጭ በጥቶ ደም ማፍሰስ የቆየ ልማድ ነው፤ ሰንጢ የያዘ ወጣትም መጀመሪያ የሚያስበው ይህንኑ ነው። መብጣቱ መርዙን አያወጣም፤ ቁስል ይጨምራል፤ የእባብ መርዝ ደምን እንዳይረጋ ካደረገው ደግሞ ያ ብጣት ራሱ መቆሚያ ያጣል። ለተነደፈ ሰው የሚደረገው እጁ ወይም እግሩ እንዳይንቀሳቀስ ደግፎ፣ ተሸክሞ፣ ፈጥኖ ማድረስ ነው። ፒንሳም እንደዚሁ ፈታኝ ነው። በሆድ ወይም በደረት የተሰካ ብረት ወይም እንጨት ሲታይ እጅ ወዲያው ወደ ፒንሳው ይሄዳል። የተሰካው ነገር የተቆረጠውን የደም ሥር ደፍኖ የያዘ ክዳን ሊሆን ስለሚችል በቦታው እንዳለ በጨርቅ ደግፎ ማሰር እንጂ መንቀል አይገባም። አያቶቻችን በወረንጦ ይነቅሉ የነበረው እሾህን ብቻ ነው፤ ልካቸውን ያውቁ ነበር። እትብትን በኪስ መሣሪያ መቁረጥ ደግሞ ከቶ አይታሰብም። ለዚህ ንጹሕ፣ ያልተነካ ምላጭ በወረቀቱ እንደ ታሸገ መያዝ ይገባል፤ የሚያሳስበኝ የመንጋጋ ቆልፍ ነው።

ስለ ንጽሕና ካነሣሁ አይቀር፦ ክፍሎቹ በበዙ ቁጥር ደም የሚደበቅበት ስንጥቅ ይበዛል። አሥራ አምስት ስለት ያለውን መሣሪያ ማን ነው ከአደጋ በኋላ ሌሊት ተቀምጦ እያንዳንዱን የሚቦርሸው? ቀላል መቀስ ግን አንድ ብሎን ብቻ ነው ያለው። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጦ ለ10 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ በሳሙና በብሩሽ ማጠብ፣ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ፤ በመጨረሻ መገጣጠሚያው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት። በረኪናው ውስጥ አሳድሮ የተወው ሰው በነጋታው ዝገት ያገኛል፤ የማይዝግ የሚባለውም ብረት በክሎሪን ይዝጋል።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ወሎ ሲዘልቅ ወልድያም፣ መርሳም፣ ውርጌሳም የጦር ሜዳ ሆኑ። ብዙ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ የቀረው ተሰባበረ። እኔ በማውቀው አንድ ቦታ ቁም ሣጥኑ ከነመሣሪያው ሄዷል፤ አልጋው ሄዷል፤ የመድኃኒት መደርደሪያው እንኳ አልቀረም። በዚያ ወራት የሕክምና መሣሪያ ማለት በሰው አካል ላይ የተረፈ ማለት ነበር። የእኔ መቀስ፣ አንዲት ባልደረባዬ በቀሚሷ ውስጥ የሰፋችው ወረንጦ፣ የሌላው የእጅ ባትሪ። በእነዚህ የተሠራውን ሥራ ቢቆጥሩት ማንም አያምንም።

የኬላን ነገር የተማርሁትም በዚያው ወቅት ነው። ፍተሻ ባለበት መንገድ ቢላዋ ያለበት ሁለገብ መሣሪያ ፈታሹ እጅ ሲገባ ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ ባለቤቱም የማይመልሰው ጥያቄ ይቀርብለታል። ደፍጣጣ ጫፍ ያለው መቀስ ግን «ሐኪም ነኝ» ከሚለው ቃል ጋር ሲታይ ያልፋል። ሁለቱም በእኔው ፊት ደርሰዋል። በዚህ ምክንያት ወጣቶቹን ስመክራቸው ፒንሳ ያለውን በአምቡላንሱ የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ፣ በወገባችሁ መቀሱን ብቻ ያዙ እላለሁ።

አያያዙም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ከረጢት ውስጥ ያለ መቀስ የለም ማለት ይቻላል። በቀኝ ወገብ፣ ወደ ፊት ጠጋ ብሎ፣ ግራ እጅም ሊደርስበት በሚችል ቦታ ይሁን፤ ምክንያቱም አንዱ እጅ ቁስል ላይ ተጭኖ ሳለ ሌላው ብቻውን መምዘዝ አለበት። በቀጭን ገመድ ከቀበቶ ጋር ይታሰር፤ በጨለማ፣ በጭቃ፣ ደም በነካው እጅ የወደቀ ብረት አይገኝም። የሚታጠፍ ከሆነም በአንድ እጅ የሚከፈት መሆኑን ዓይን ጨፍኖ መሞከር ነው። እኔ ተማሪዎቼን በጋቢ ሸፍኜ አስከፍታቸዋለሁ፤ መምህራኑ መጀመሪያ ያፍራሉ፤ ከዚያ በኋላ ይወዳደራሉ።

የቀረው የዋጋ ጉዳይ ነው። የውጭው ምርት ዋጋ ለአንድ የጤና ባለሙያ የወር ደመወዙን ያስናፍቀዋል። በገበያ የሚገኘው አስመሳዩ ደግሞ ከሁለተኛው ጂንስ በኋላ ጥርሱ ይወላልቃል። ስለዚህ ተራውን፣ እጀታው ፕላስቲክ የሆነውን የነርስ መቀስ እገዛለሁ። ሲዶለዱም ወደ አንድ አዛውንት አንጥረኛ እሄዳለሁ። እኒህ ሰው በሙያቸው የተነሣ ሲሸሹና በክፉ ስም ሲጠሩ ኖረዋል፤ እርሻችን ግን ያለ እርሳቸው ማረሻ፣ እግራችን ያለ እርሳቸው ወረንጦ አልኖረም።

መቀሱን መጀመሪያ ያሳየኋቸው ቀን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ይህ ታችኛው ለምን ጫፉን ደደበ?» አሉኝ።

«ሰውን እንዳይወጋ ነው አያ።»

ጥቂት ዝም ብለው ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያም ላይኛውን ስለት ብቻ በሞረድ እየሳሉ፣ «የደደበውን አልነካብህም፤ ባለሙያ ነው የሠራው» አሉ። መሳያውን ዋጋ ስጠይቃቸው ወረንጦ ልግዛ እንደሁ ጠየቁኝ። ገዛሁ። ከመቀሱ አፎት ጎን በጠፍር ተንጠልጥሎ አለ። ባለፈው ክረምት ከአንዲት እረኛ ተረከዝ የግራር እሾህ አውጥቼበታለሁ።